የጓሮ ኩሬዬ ውኃ አረንጓዴ ሆነብኝ፤ በቤት የሚሠራ ማጣሪያ የሞከራችሁ አላችሁ?

የሰሚት_ጓሮ

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ጥግ ላይ የሲሚንቶ ኩሬ አለ። 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ 60 ሳንቲም ገደማ። ውስጡ ጎልድፊሾች አሉ። አንዳንዶቹ ከመዳፌ በልጠዋል። መሃሉ ላይ ትንሽ ፏፏቴ አለ። ቀን ቀን ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል። ማጣሪያ የሚባል ነገር የለውም።

ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ ውኃው አረንጓዴ ሆኖ ዓሦቹ የሚታዩት ምግብ ስበትን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ሁሉም አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ሲጎርሱ አገኛቸዋለሁ። ረፋድ ላይ ይተዉታል። ከሰዓት በኋላማ ምግብ ሲሻሙ ላያቸው ምንም የሌለባቸው ነው የሚመስሉት።

ሱቅ ጠየቅኩ። የማጣሪያው ዋጋ አይቀመስም። ባለቤቴ ደግሞ «ሙሉውን ደፍተን በአዲስ ውኃ እንሙላው» እያለ ነው። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

ጋሽ_ቧንቧ

ልጄ፣ መጀመሪያ ባልሽን አስቁሚው።

ኩሬሽ 3,600 ሊትር ይይዛል። ያንን ሁሉ ደፍቶ ከቧንቧ በቀጥታ መሙላት ዓሦቹን በክሎሪን ማጠብ ነው። ክሎሪን ለእኛ ደህና ነው፣ ለዓሣ ግን ስንጥቡን (የሚተነፍስበትን) ያቃጥላል። ቅዝቃዜውም በአንዴ ይለወጥባቸዋል። ውኃ የሚለወጠው በትንሽ በትንሹ ነው። በሳምንት አንድ አምስተኛውን ወይም አንድ አራተኛውን አውጪና ሮቶ ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ባደረ ውኃ ተኪው። አንድ ቀን ሙሉ ቢቆይ ይመረጣል። ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ክሎሪኑ ቶሎ ይወጣል።

የጠዋቱ ነገር ከማጣሪያ በፊት የአየር ጉዳይ ነው። ያ አረንጓዴ ነገር አልጌ ነው። ቀን በፀሐይ አየር ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሦቹ አየር ይወስዳል። ስለዚህ ውኃው አየር የሚያጥረው ሊነጋ ሲል ነው። እናንተ ደግሞ ፏፏቴውን የምትዘጉት ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ዛሬ ማታ ክፍት ይደር። መምረጥ ካለብሽ ቀኑን ዝጊው እንጂ ሌሊቱን አትዝጊው።

ቲቸር_ኬሚ

ጋሽ ቧንቧ ያሉት ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፤ ኢንተርኔት ላይ የምናነበው ምክር ሁሉ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውኃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል። እዚህ ከ7 ሚሊግራም በታች ነው። ውኃችን ቀዝቀዝ ማለቱ ትንሽ ይክሳል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚጨምር። ግን አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ኩሬ ይበቃል የተባለ የዓሣ ብዛት ሰሚት ላይ ይበዛል።

ስንት ዓሣ ነው ያለሽ? አልጠቀስሽውም።

ቆሮሶ_ወዳጅ

እኔ እኮ የማይገባኝ፣ ይሄን ሁሉ ድካም ለማይበላ ዓሣ? ቆሮሶ አስገቢበትና በጾም ጊዜ ጥብስ ብይ።

የሰሚት_ጓሮ

@ቆሮሶ_ወዳጅ ልጆቹ ስም አውጥተውላቸዋል። ስም ያለውን ዓሣ ማን ይጠብሳል?

@ቲቸር_ኬሚ 14 ናቸው።

ሐዋርያው_ከመካኒሳ

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትከፍቱብን አደራ። ሌላ ገጽ ላይ ሰው ተጣልቷል።

ጋሽ_ቧንቧ

14ቱ ለዚህ ኩሬ ልኩ ላይ ደርሰዋል። ከዚህ በላይ አትጨምሪ። ጎልድፊሽ ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክለውን አይተሽ እንዳትሸወጂ፤ ኩሬ ውስጥ ከ20 ሳንቲም በላይ ይሄዳል። የሚያወጣው ቆሻሻም በዚያው ልክ ነው።

አሁን ማጣሪያው። ሰማያዊውን ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ፈልጊ። ስትገዢ ውስጡ ምን እንደነበረ ጠይቂ። የምግብ ዘይት ወይም ጁስ የነበረበት ይሁን። ኬሚካል የነበረበትን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ክዳኑን ከፍተሽ አሽትቺው። ከታጠበ በኋላም የሚሸት ከሆነ ይቅርብሽ።

ውኃው ከታች ገብቶ ከላይ ነው የሚወጣው። ከፓምፑ የሚመጣው ቱቦ በበርሜሉ አፍ ይገባና ግድግዳውን ይዞ እስከ ታች ይወርዳል። ጫፉ ላይ ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) አድርጊና ወደ ጎን አዙሪው፤ ውኃው በርሜሉ ውስጥ ይሽከረከራል። ሲሽከረከር ከባዱ ቆሻሻ መሃል ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ለዚህ ነው የበርሜሉን የታችኛውን ሩብ ባዶ የምንተወው። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የማፍሰሻ ቫልቭ ግጠሚ። በሳምንት አንዴ ስትከፍቺው የሚወጣውን ጥቁር ውኃ ለጎመን አጠጪው። እንዲህ ያለ ማዳበሪያ በብር አይገኝም።

ከባዶው በላይ መቀመጫ ያስፈልጋል። የለስላሳ ሳጥን በልኩ ቆርጠሽ በፒቪሲ ቁራጮች ላይ አስቀምጪው። በላዩ የፍራሽ ስፖንጅ፣ ሻካራው ከታች፣ ደቃቁ ከላይ። ከስፖንጁ በላይ የባክቴሪያው መኖሪያ ይመጣል፤ እሱን ቲቸር ይንገርሽ። መውጫው ከበርሜሉ ጫፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይሁን። መግቢያው ባለ 25 ሚሊሜትር ቱቦ ከሆነ መውጫው ባለ 50 ይሁን። ውኃው ሲገባ ፓምፕ ይገፋዋል፣ ሲወጣ ግን የሚገፋው የለም። መውጫው ከጠበበ በርሜሉ ሞልቶ ግቢው ላይ ይፈሳል፣ ኩሬው ባዶውን ያድራል።

የመውጫና የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ ክብ ቆርጠሽ ከውስጥም ከውጭም አድርጊ። ሲሊኮን ብቻውን በርሜል ፕላስቲክ ላይ አይዝም፣ ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል።

አሁን የምነግርሽን ማንም አይነግርሽም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ያኔ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ በመግቢያው ቱቦ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ታች የተጠራቀመውን ጭቃ ይዞ ኩሬው ውስጥ ይደፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የመግቢያው ቱቦ ላይ፣ በርሜሉ ውስጥ፣ ከውኃው ወለል ትንሽ ከፍ አድርገሽ ሚስማር የምታክል ቀዳዳ ብሺ። ፓምፑ ሲቆም በዚያች ቀዳዳ አየር ገብቶ ስበቱን ይቆርጠዋል። ፓምፑ ሲሠራ በቀዳዳዋ ትንሽ ውኃ ብትረጭ አትደንግጪ፤ በርሜሉ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

በርሜሉ ሲሞላ ከሁለት ኩንታል በላይ ይመዝናል። ለስላሳ አፈር ላይ እንዳታቆሚው።

ቲቸር_ኬሚ

እሺ፣ ተራዬ ደረሰ። ብዙ ሰው ማጣሪያ ሲባል ወንፊት ይመስለዋል። ወንፊቱ ሥራው ትንሽ ነው። ዓሣ የሚገድለው የማይታየው ነው።

ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት ብዙ ካልተጠራቀመ ዓሦቹን አይጎዳም። ውኃ ስትቀይሪ ይወጣል፣ ዕፅዋትም ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ድንጋይ፣ ስፖንጅ፣ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ነው። ኦክስጅን ያለው ውኃ ሳያቋርጥ ሊያልፍባቸው ይገባል። ስለዚህ የምንፈልገው ብዙ ቀዳዳ ያለው፣ ውኃ የማይበክል፣ ርካሽ ነገር ነው።

አዲስ በርሜል ባዶ ቤት ነው። ባክቴሪያው እስኪሞላው ከወር በላይ ይፈጃል። አዲስ አበባ ደግሞ ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ይዘገያል። ማጣሪያ ያለው ሰው የምታውቂ ከሆነ አሮጌ ስፖንጁን ቁራጭ ለምኚው። ሳይደርቅ፣ ከራሱ ኩሬ ውኃ ጋር በፌስታል ይዘሽ መጥተሽ በርሜልሽ ውስጥ ክተቺው። ልክ እንደ እርሾ ነው፤ ካለ ቶሎ ይነሳል፣ ከሌለም ይመጣል ግን ይቆያል።

ቢሾፍቱ_ልጅ

ባክቴሪያ ማስቀመጫ ከውጭ የሚመጣውን የሴራሚክ ቀለበት በውድ ዋጋ እንዳትገዢ! እኛ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ተኝተን ነው የምንኖረው። ሬድ አሽ! ለመንገድና ለግቢ መደልደያ የሚጫነው ቀዩ ድንጋይ። አንዷን ቁራጭ አንስተሽ ፀሐይ ላይ እያገላበጥሽ እያት፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ሌላ ቀዳዳ አለ።

ከ1 እስከ 3 ሳንቲም የሚሆነውን ምረጪ። ደቃቁ ይደፍናል። ከዚያ እጠቢ። እጠቢ። እንደገና እጠቢ። መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ ቡና ነው የሚመስለው፤ እየጠራ እስኪመጣ አትተዪው። የሽንኩርት መረብ ከረጢት ውስጥ አድርገሽ አፉን ሲባጎ እሰሪው። ለማጽዳት ስትፈልጊ ከረጢቱን ብቻ ማንሳት ነው። ልቅ ድንጋይ በርሜል ውስጥ ከደፋሽ በኋላ በእጅሽ ስትዝቂ ትውያለሽ።

ብሎኬት የሚሠራበት ነጩ ፓሚስም ይሆናል፤ ግን አንዳንዱ ይንሳፈፋል። እኔ ሬድ አሹን ነው የምመርጠው።

አዲስ_ገቢ_77

ጠጠር ኩሬው ወለል ላይ ብናነጥፍስ? ያምራል ደግሞ።

ጋሽ_ቧንቧ

ያምራል፣ ግን ቆሻሻ ከሥሩ ይሸሸጋል። ጎልድፊሽ ጠጠር እያነሳ አፉ ውስጥ እያላመጠ መትፋት ይወዳል። ውኃው ሁሌ ይደፈርሳል። ባዶ ወለል ይሻላል፤ በመጥረጊያ ወደ ፓምፑ ትገፊዋለሽ።

አዲስ_ገቢ_77

እሺ ጋሼ። ዕፅዋትስ? እምቦጭ ናይትሬት ይመጥጣል ሲሉ ሰማሁ፣ ቶሎም ይበቅላል። ከጣና አካባቢ የሚያመጣልኝ ሰው አለ።

ጣናዬ

ወንድሜ ተው! ጣና ላይ እምቦጩን ለማስወገድ ሕዝብ በእጁ ሲነቅል የኖረው በአንተ ጓሮ እንዲተከል ነው? እውነት ነው፣ ውኃ ያጠራል። ግን አንድ ክረምት ጎርፍ ከግቢህ ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ቢከተው ማን ይመልሰዋል? ከጣና ማምጣት ይቅርና ያየኸውም ቦታ አትንካው።

ቀጤማ አለልህ። ደንገል አለልህ። ሁለቱም ያገራችን ናቸው፣ ሥራቸው ውኃ ውስጥ ሆኖ ናይትሬቱን ይመጥጠዋል። ደንገልን በአሮጌ ባልዲ ትከለው እንጂ ልቅ አትተወው፤ ኩሬውን ይወርሰዋል።

አዲስ_ገቢ_77

እሺ እሺ፣ ገባኝ። ቀጤማ ይሁን።

ሰብለ_ከቨርጂኒያ

ጋሽ ቧንቧ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ግን እኔ ጋ ላላችሁ አበሾች አንድ ማስጠንቀቂያ። ውኃ ሮቶ ውስጥ አሳድሮ ክሎሪን ማስወጣት የሚሠራው ንጹሕ ክሎሪን ሲሆን ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በአብዛኛው ዓመቱን ክሎራሚን ነው የሚጠቀሙት። ክሎራሚን ቢያድርም ቢሰነብትም በቀላሉ አይሄድም። ስለዚህ እዚህ ያለን ሰዎች ማርከሻ መግዛት ግድ ይለናል። ስትገዙ ክሎራሚንም እንደሚያረክስ ጠርሙሱ ላይ አንብቡ።

እኛ ደግሞ ክረምቱ አለብን። ውኃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ መመገብ አቆማለሁ፤ አንጀታቸው አይፈጭም። በረዶው ኩሬውን ሙሉ በሙሉ እንዳይሸፍነው ብቻ ነው የምጠብቀው። ጎልድፊሽ ብርዱን ይችለዋል። ራኩኑን (ሌሊት ዓሣ የሚያድነውን አውሬ) ነው የማይችለው።

የሰሚት_ጓሮ

ኸረ ተባረኩ። ፏፏቴውን ሌሊት ክፍት ማሳደር ከጀመርኩ ወዲህ ጠዋት አፋቸውን አያወጡም። ባለቤቴም አመነ (ዝም አለ ማለቴ ነው)።

ፓምፕ ላይ ግን ግራ ገባኝ። ሱቁ ውስጥ 1,000፣ 2,000፣ 3,000፣ 5,000 የሚል አለ። የመብራት ወጪውስ?

ጋሽ_ቧንቧ

ውኃው በሁለት ሰዓት አንዴ ሙሉ በሙሉ እንዲዞር እንፈልጋለን። 1,800 ሊትር በሰዓት ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ፓምፑ ምንም ወደ ላይ ሳይገፋ ነው። በርሜልሽ አንድ ሜትር ከፍ ካለ ብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ 3,000 የሚለውን ግዢ። ከካርቶኑ ጀርባ እስከ ስንት ሜትር እንደሚገፋ ይጽፋሉ፤ 2 ሜትር እና ከዚያ በላይ የሚለውን ምረጪ።

50 ዋት የሚወስድ ከሆነ ሌትና ቀን ሲሠራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪሽ ላይ ያለውን ታሪፍ አባዢው።

ኤሌክትሪኩን ግን ለባለሙያ ስጪ። ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በራሱ የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ይግባበት። እጅሽን ኩሬ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት ፓምፑን ከሶኬት ንቀዪ። ሁሌ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ ኩሬው ላይ የብረት መረብ ይኑር። 60 ሳንቲም ውኃ ለሕፃን ጥልቅ ነው።

ቢሾፍቱ_ልጅ

መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሰፈር አንዳንዴ ሙሉ ቀን ይጠፋል።

ቲቸር_ኬሚ

ሁለት ነገር። አየሩን በባትሪ ያዘው። 12 ቮልት ትንሽ የአየር ፓምፕ ከመኪና ባትሪ ጋር ብታገናኘው ሌሊቱን ያሳልፋል። ማጣሪያው ቢቆም ለጊዜው ችግር የለውም፣ አየሩ ግን መቆም የለበትም።

ሁለተኛው የሚረሳው ነው። መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ በርሜሉ ውስጥ የቆመው ውኃ ኦክስጅኑ አልቆ ይበላሻል። ባክቴሪያውም መሞት ይጀምራል። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ በራሱ ያንን ውኃ ኩሬው ውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማፍሰሻውን ከፍተህ በርሜሉን ባዶ አድርግ፣ ከዚያ አስነሳው። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ባዶ ማድረግህ ትክክል ነው ማለት ነው።

ለቢሾፍቱ በተለይ፦ ሙቀቱ ከኛ ይበልጣል። የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ሊሆን ይችላል። ውኃው አልካላይና ሞቃት ሲሆን ያው አሞኒያ የበለጠ ይመርዛል። ስለዚህ አንተ ከሰሚቷ እህታችን ይልቅ ምግብ መቆጠብ አለብህ።

የሰሚት_ጓሮ

ተገጠመ! ልጆቹ ሬድ አሹን ሲያጥቡ ግቢው ቀይ ሆኖ ነው የዋለው። መውጫው በቀጤማው ላይ እንዲወድቅ አደረግነው፣ ድምፁ ደስ ይላል። መጀመሪያ ውኃው ትንሽ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ በማግስቱ ጠራ።

አሁን ሁለት ጥያቄ። ስፖንጁን መቼ ነው የማጥበው? እና አረንጓዴው ለምን አልጠፋም?

ቲቸር_ኬሚ

ስፖንጁ የሚታጠበው ከመውጫው የሚፈሰው ውኃ ሲደክም ነው። ከኩሬው በባልዲ ውኃ ቀድተሽ በዚያው ውስጥ ጭመቂው። በቧንቧ ውኃ ካጠብሽው ያሳደግሻቸውን ባክቴሪያዎች በክሎሪን ትጨርሺያቸዋለሽ። ሬድ አሹን እስካልተደፈነ ድረስ ባትነኪው ይመረጣል። ሁለቱን በአንድ ቀን አታጽጂ።

እነዚህ መጀመሪያ ሳምንታት ምግብ በጣም ቀንሺ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ብቻ። እንጀራና ዳቦ አይገባም፤ ውኃ ውስጥ ይሟሟና አሞኒያ ይሆናል። አንዳንዴ የተቀቀለ አተር ልጠሽ ብትሰጫቸው ይወዱታል። ከደከሙ ወይም ጥግ ላይ ከቆሙ ናይትራይት ሊሆን ስለሚችል ሩቡን ውኃ ቀይሪና ለ1,000 ሊትር 1 ኪሎ ጨው ሒሳብ አሟምተሽ ጨምሪ። ተራ ጨው ይሆናል።

አረንጓዴውን በርሜሉ አይዘውም፤ አልጌው ከስፖንጁ ቀዳዳ እጅግ ያነሰ ነው። አልጌ ፀሐይና ናይትሬት ነው የሚፈልገው። ናይትሬቱን ቀጤማው እያደገ ሲሄድ ይሻማዋል። ፀሐዩን ደግሞ አንቺ ከልክዪው። ችግኝ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበትን ጥላ የሚሰጥ መረብ ግማሹ ኩሬ ላይ ዘርጊ። በአንድ ሳምንት አትጠብቂ።

ጋሽ_ቧንቧ

መረቡ ለወፍም ይጠቅማል። ለድመትም።

የሰሚት_ጓሮ

ጉድ ልንገራችሁ። ጥላው መረብ ከተዘረጋ ወዲህ ወለሉ መታየት ጀምሯል። ዛሬ ቀጤማው ሥር ጥፍር የሚያካክሉ ጥቋቁር ዓሦች አየሁ! ማንም አላስገባም። ሌላ ዓሣ ነው እንዴ?

ቲቸር_ኬሚ

የራስሽ ናቸው። እንኳን ማርያም ማረቻቸው። ጎልድፊሽ እንቁላሉን ዕፅዋት ላይ ይጥላል፤ ከዚያ ራሱ ይበላዋል። ቀጤማው ውስጥ የተሸሸገው ተርፏል። ሲፈለፈሉ ወርቃማ አይደሉም፣ ጠቆር ያሉ ናቸው። ወራት ሲያልፉ ቀለማቸው ይለወጣል። አንዳንዱ እንደጠቆረ ይቀራል።

ሁሉም አያድጉም፣ ኩሬውም አይችላቸውም። የተረፉትን ለሰው ስጪ። ወንዝም ሐይቅም ውስጥ እንዳትለቂያቸው።

ሳሪስ_ነኝ

ሁለት ለእኔ ያዢልኝ።

ጋሽ_ቧንቧ

በርሜል አለህ?

ሳሪስ_ነኝ

ሮቶ ነው ያለኝ ጋሼ፣ ባለ 500 ሊትር፣ አንገቱ ጋ የተሰነጠቀ። ይሆናል?

ጋሽ_ቧንቧ

ስንጥቁ ከውኃው ወለል በላይ ከሆነ ይሆናል። አንገቱን ቆርጠህ ጣለውና ኩሬ አድርገው። ማጣሪያውን በ20 ሊትር ባልዲ ትሠራዋለህ፤ አሠራሩ አንድ ነው። ሬድ አሹን ዛሬ ማጠብ ጀምር። እሷም ዓሦቹን አሁን አትስጥህ፤ መጀመሪያ ባልዲህ ተሠርቶ ይለቅ። ስትወስድ ደግሞ ከሰሚት ኩሬ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ለምናት።